ኩላስ ወይስ ኸላስ

የሺ የሚፈስ ነገር ካየች እጇ አያርፍም። ቤይሩት ዓይን ኤል ረማነህ ሰፈር ውስጥ ሁለታችን በምንከራያት ክፍል የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል እኔ ሙዚቃ ከፍ አድርጌ እረሳዋለሁ፤ እሷ ግን የአሮጌ ጓንት ጣት ቆርጣ፣ በልኩ ከርክማ፣ ቧንቧው ውስጥ ትወትፍና ጸጥ ታሰኘዋለች። «ሚሚ፣ ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው» ትለኛለች። እኔም «አንቺን የወሰደሽስ ውኃ ሳይሆን ጎማ ነው» እላታለሁ።

ሐሰት አልተናገርኩም። ያደገችው አዲስ አበባ ቄራ፣ አጎቷ ጋሽ ሸዋንግዛው ጎሚስታ ቤት ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ ከመነዳሪ ትነፋለች፣ ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ትነክረዋለች፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ታያለች፣ ታሽገዋለች። አጎቷ «ይቺ ልጅ ዓይን አላት» ይሉ ነበር። የሰፈር ሰው ግን ሌላ ዓይን ነበረው። «እጇ እንዲህ ጠቁሮ ማን ያገባታል?» ብሎ እናቷን ሲነዘንዛቸው ከረመ። በኋላ ኑሮም ሲከብድ ቤይሩት ተላከች። እጇ እንዲነጣ ከሆነ የታሰበው ተሳክቷል፤ በአሥራ አንድ ዓመት በረኪና የማይነጣ እጅ የለም።

ሐሙስ ሐሙስ ሁለታችንም ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ፣ ባዕብዳ፣ ሙሲዩ ናዑም ቤት እናጸዳለን። ሙሲዩ ናዑም ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ በአንድ ትልቅ ቪላ ብቻቸውን የቀሩ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የሚወዱት ነገር አንድ ነው፤ ከግቢው ጥግ በሸራ ሸፍነው የሚያኖሯት ቀይ የስፖርት መኪና። ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ከየሺ በዕድሜ የምትበልጥ አሮጊት ናት። እሳቸው እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብሎን መያዝ አይችሉም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እስቲ ይቺን ያዥልኝ» ብለው የሺን ጠሯት፤ የሺም ያዘች፤ ይኸው እስካሁን አልለቀቀችም። እሳቸው ያውቃሉ፣ እሷ ታጠብቃለች። እኔ ደግሞ ሦስቱን ፎቅ የሁለት ሰው ሥራ እየሠራሁ ከላይ እራገማለሁ።

ከፋሲካ ወዲህ ግን ቀይዋ ታመመች። የሞተሩ ማቀዝቀዣ አረንጓዴ ውኃ ይጎድላል። ሞልተውት ትንሽ ሲነዷት የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ይወጣና ቀዩን ይነካል። ሥሯን ቢያዩ ደግሞ መሬቱ ደረቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ የለም። ውኃው የት ይገባል? ሙሲዩ ናዑም ሁለት ሐሙስ ከየሺ ጋር ፈለጉ፤ ራዲያተሩን ዳበሱ፣ ትልልቆቹን ቱቦዎች ዳበሱ፣ አጡት። በሦስተኛው ተስፋ ቆርጠው መካኒክ አስጠሩ።

መካኒኩ አባስ ይባላል። ጋራዡ ከእኛ ክፍል ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው፤ እጁ አካፋ የሚያክል፣ ድምፁም እንደ እጁ የሆነ ሰው። መጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሯን አስነሣ፣ ጆሮውን ሰጠ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየና እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ለሙሲዩ በዚያ ፈጣን አረብኛው የሆነ ነገር ተናገረ። ከዚያ ተያይዘው ወደ በረንዳው ሄዱ።

የሺ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ ይበራል።

«ሚሚ! ኸላስ አለ! አለቀ፣ ዳነች!»

«እንዲህ በአንዴ?»

«በጆሮዬ ሰማሁ! ‹ኸላስ› አለና እጁን ጠረገ።»

የእኛ አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነው። መጥበሻ፣ መጋረጃ፣ ያላ፣ ኸላስ፤ እዚያ ላይ ያበቃል። እንኳን እሷ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምሰማው። ደስታዋን ግን እንደ እኔ በእልልታ ብቻ አልተወጣችም። የደስታዋ ልክ ማጽዳት ሆነ። ባልዲ ሙሉ ሙቅ ውኃና ሳሙና ይዛ ወረደች፤ ያቺን የሠላሳ ዓመት ዘይትና አቧራ የጋገረባትን ሞተር፣ ለበዓል እንደሚታጠብ ምድጃ፣ በብሩሽ ፈትጋ በላስቲክ ቱቦ አለቀለቀቻት። እኔም ጨርቅ ይዤ አገዝኳት፤ ደስታ ይጋባል። ከዚያ ጥቁር ጭቃ ሥር የሚያብረቀርቅ ብረት ሲወጣ ሁለታችንም እንደ ልጅ ሳቅን።

አባስና ሙሲዩ ሲመለሱ ሞተሩ ላይ አረፋ ነበረ።

«ሹ ሀይዳ!» ብሎ አባስ ጮኸ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው። «ሞተር በውኃ ታጥቢያለሽ? ማን ታጠቢ አለሽ?»

«አንተ ኸላስ አልክ» አለች የሺ።

አባስ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። «ኩላስ! ኩላስ ነው ያልኩት! ጁዋን ኩላስ!» እየደጋገመ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር እያንዳንዱን ፊደል እየጎተተ። ኩላስ ማለት የሞተሩ ራስ ነው፤ ጁዋን ኩላስ ደግሞ ከራሱ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ የአገራችን ጋራዦች የቴስታታ ጓርኒሲዮን የሚሉት። እሱ ከተቃጠለ ሞተሩ መፈታት አለበት። አባስ ያለው እንግዲህ «ዳነች» ሳይሆን «ሞተች» ነው። ከሙሲዩም ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ጎታች መኪና ይዞ መጥቶ ይወስዳታል፤ ሞተሩ ከተፈታ በኋላ መመለሷን እንጃ። ሙሲዩ ናዑም መሬት መሬት ያያሉ።

እኔ የምደበቅበት ጠፋኝ። የሺ ግን ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ አገጯን ቀና አደረገች። ይሄን አገጭ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማቆም አይቻልም።

«ኩላስ አይደለም» አለች።

«ምን?»

«ኩላስ ቢሆን ዘይቱ ውስጥ ውኃ ይገባል፣ ዘይቱ እንደ ወተት ይነጣል። ቅድም የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቼ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ጭስ ማውጫዋም ነጭ አያጨስም። ሙሲዩ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው።»

ሙሲዩ ናዑም ቀና አሉ። አባስ ሳቁን አቆመ፤ ዘንጉን እሱ አላየውም ነበር፤ ፊቱ ያስታውቃል። የተነካ ወንድ ደግሞ ወይ ይቅርታ ይጠይቃል ወይ ይፎክራል፤ አባስ ፎከረ።

«እሺ፣ እስከ ቅዳሜ ቀዳዳውን አግኚው! ካገኘሽው ወላህ፣ በሙሲዩ ፊት፣ ሰኞ ጋራዤ ነይ፤ ሥራ ሰጥቼሻለሁ!»

እንደ ቀልድ ነው ያለው። እየሳቀ በሩን ዘግቶ ሄደ። እኔም እንደ ቀልድ ልስቅ ስል የየሺን ፊት አየሁና ተውኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፤ አሁንም የጠየቃት የለም፤ ቃሉ ብቻ በስሕተት አምልጦ ወጣ። እሷ ግን አፈፍ አድርጋ ያዘችው። ጋራዥ! ሌላ ሰው ወርቅ ሲባል እንዲህ አይበራም።

ሞተሯን ሊያስነሡ ቢሉ ቀይዋ እንቢ አለች። እሳት የሚያከፋፍለው ክፍል ውኃ ገብቶበታል። የሺ አለቀሰች፤ ለአንድ ደቂቃ ብቻ። ሙሲዩ ናዑም ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ከማዳም መሳቢያ ሴሽዋሩን አምጪ» አሉኝ። የፀጉር ማድረቂያው ነው፤ ማዳም ካለፉ ወዲህ ያን መሳቢያ ማንም ከፍቶት አያውቅም። አምጥቼ ሰጠኋቸው። የሺ የሞተሩን እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ ሙሽራ ፀጉር በሙቅ አየር አደረቀችው። ሙሲዩ ሲያዩ ሲያዩ ቆዩና «ማዳም ብታይ ኖሮ ትገድለን ነበር» ብለው ሳቁ፤ ዓይናቸውንም ጠረጉ። ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሯ ሁለት ጊዜ አስላ ተነሣች። ጮኽኩ። ለምን እንደጮኽኩ አላውቅም፤ መኪና እኮ አልወድም።

ሞተሯ ሲሞቅ የሺ አፍንጫዋን አስገባች። «ሚሚ፣ ነይ አሽትቺ። የተቃጠለ ስኳር አይሸትሽም?» እውነቷን ነው፤ ማር ማር የሚል፣ ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሽሮፕ ዓይነት ሽታ። ሙሲዩ የማቀዝቀዣው ውኃ ጣፋጭ እንደሚሸት ነገሩን። እንግዲያው ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ እየገባ አይደለም! የሺ እጇን አጨበጨበች። መሬት ላይ የማይታየው የጋለ ብረት ላይ እየወደቀ ስለሚተን ነው። ግን ከየት? ብረቱ ሁሉ ያብረቀርቃል፣ ውኃውም ያብረቀርቃል፤ አንዱን ከአንዱ መለየት አልተቻለም። ሳፋ ውስጥ እንዳትነክራት ከመነዳሪ አይደለችም።

ሞተሩን አጥፍተው እስኪቀዘቅዝ ሲጠብቁ የሺ አንድ ስፍራ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ስትመለስ በአንድ እጇ ዱቄት፣ በሌላው ወንፊት ይዛለች።

«የሺ፣ እግዜር ይይልሽ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ደረቅ ዱቄት ዱቄት ነው። ውኃ የነካው ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ያለበት ቀዳዳው አለ።»

ሙሲዩ ናዑም አፋቸውን ከፍተው አዩዋትና በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር አጉተመተሙ፤ የጸሎት ይመስላል። ቆይተው እንደነገሩን ሽቅርቅር ፈረንጆች ለዚሁ ሥራ የሕፃን ፓውደር ይጠቀማሉ። የሺ ይህን በምን ታውቃለች? የምታውቀው ማብኳት ነው። ሞተሩን ከዳር እስከ ዳር በዱቄት ነፋችው። በረዶ የጣለበት መንደር መሰለ። አስነሣንና ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ጠበቅን። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ በድንገት ተነሣና ዱቄቱን ሁሉ ፊታችን ላይ በተነው! ሙሲዩ ናዑም ቅንድባቸው ሳይቀር ነጣ። እኔ ሳስል የሺ ዓይኗን እንኳ አልጠረገችም። ባትሪ ይዛ ከሞተሩ በስተጀርባ፣ ንፋሱ ያልደረሰበት ጨለማ ጥግ ውስጥ ገብታለች።

«ሊጥ!» ብላ ጮኸች። «ሊጥ! ሊጥ! ሙሲዩ፣ ሊጥ አለ!»

ሦስታችንም በተራ አየን። ከሞተሩ ጀርባ፣ ለመኪናዋ ውስጥ ሙቀት የምትወስደው ጣት የማታክል ቱቦ ከብረቱ ጋር የምትጋጠምበት ቦታ፣ አንዲት ሽምብራ የምታክል ሊጥ ተለጥፋለች። የአባስ እጅ እዚያ አይገባም። የሙሲዩ እጅ ይገባ ይሆናል፣ ግን ይንቀጠቀጣል። ያቺ ትንሽ ቱቦ ናት እንግዲህ ትልቁን ሞተር ሞተ ያስባለችው።

በማግሥቱ ዓርብ ሌላ ቤት ሥራ ነበረኝ። ማዳሜን ደውዬ «ሆዴን ቆረጠኝ» አልኳት፤ ውሸት ነው፣ ግን ይሄን ጥሎ መስኮት መወልወል እንዴት ይቻላል? የሺ የአሮጌውን ቱቦ ውፍረትና ርዝመት በክር ለክታ፣ ክሩን ይዛ የመለዋወጫ ሱቆችን አዳረስን። አንዱ «ለዚህ መኪና? ሙዚየም ጠይቁ» አለን። ሌላው የቤት ማሞቂያ ቱቦ አመጣልን። ዶራ ሰፈር፣ ከቫኖቹ መቆሚያ ጀርባ ያለ አንድ ሽማግሌ ግን ክሩን በጣቱ ለክቶ፣ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጥቅል ጎማ አውጥቶ ቆረጠልን። «ኮሊየ ትፈልጊያለሽ?» አላት። እኔ የማውቀው ኮሊየ የማዳሜን የወርቅ ሐብል ነው። «የሺ፣ ሰውየው ሐብል ሊሸጥልሽ ነው» አልኳት። ሁለቱም ሳቁብኝ። ቱቦ የሚታሰርበት ቀለበት ነው ለካ፤ እኛ አገር ፋሼታ የሚባለው። የሺ ሁለቱን ወስዳ ጣቶቿ ላይ አጠለቀቻቸውና እስከ ባዕብዳ እያየቻቸው ሄደች። እንደዚያ የሚያያቸው ሰው ቀለበት ያሠረች ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የእሷ ነው። ሙሲዩ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡና «ክዳኑን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ» «አሁን ውኃውን ወደ ባልዲው» «አሁን አሮጌውን ቀለበት አላዪው» እያሉ ይመራሉ። እሷ በደረቷ ሞተሩ ላይ ተኝታ፣ እጇን እስከ ብብቷ ድረስ አስገብታ በጣቷ ብቻ እያየች ትፈታለች። አንዴ ካቻቪቴው አመለጣትና ሞተሩ ሆድ ውስጥ ወደቀ፤ ለአርባ ደቂቃ ፈለግነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኳት፤ ዘወር ብላ ያየችኝ አስተያየት ሌላ ተረት እንዳልጨምር አደረገኝ። አዲሱ ቱቦ ገባ። ቀለበቱ ጠበቀ። አረንጓዴው ውኃ ተሞላ፤ የታፈነው አየር በአረፋ እስኪወጣ ማሞቂያውን ከፍተው ጠበቁ። ከዚያ የሺ እጇን አወጣች። እስከ ክርኗ ጥቁር ነበር። ወደ ላይ አነሣችና ለእኔ አሳየችኝ፤ ደስታዋ አስለቀሰኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባስ ጎታቹን መኪና ይዞ መጣ። ቀይዋ በሩ ላይ ሞተሯ ተነሥቶ ትጠብቀዋለች።  ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ ባትሪውን ወደ ጀርባው ጥግ አበራ፣ ረጅም ጊዜ ቆየ። «ግቢ» አላት የሺን። «ዳገት ላይ እናያለን።» መቀመጫው ሁለት ብቻ ስለሆነ ሙሲዩና እኔ በሩ ላይ ቀረን።

በሕይወቴ እንደዚያ ግማሽ ሰዓት የረዘመብኝ የለም። ሙሲዩ ናዑም ሰዓታቸውን ያያሉ፣ መንገዱን ያያሉ። «አባስ ሆን ብሎ እንዳያሞቃት» ይላሉ። እኔ የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ ስለ አንዲት ቱቦ አስቸገርኩ። የባዕብዳ ዳገት ቀላል አይደለም፤ አዲስ መኪና እንኳ ያስተነፍሳል። በመጨረሻ ከመታጠፊያው ድምፅዋ መጣ፣ ቀጥሎ ቀዩ ቀለሟ፣ ቀጥሎ በታጠፈው ጣሪያ በኩል ወደ ላይ የወጣ አንድ እጅ። የሺ ቆማ ነበር! «መሐል ላይ ነው!» ትላለች። «መርፌው መሐል ላይ! ንቅንቅ አላለም!» ሙሲዩ ናዑም በዚያ ዕድሜያቸው ዘለሉ። ትንሽ ነው የዘለሉት፣ ግን ሁለቱም እግራቸው ከመሬት ተነሥቷል፤ ምስክር ነኝ።

አባስ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ጎታቹን መኪና ባዶውን መለሰው። ከዚያ የሺን ሳያያት «ሰኞ። አንድ ሰዓት» አለ።

ሰኞ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ፤ ሥራዬም በዚያ በኩል ነው፣ ደግሞም አላመንኩትም። የሺ ሰማያዊ ሱሪ ለብሳለች፣ ፀጉሯን አጥብቃ አስራለች። አባስ በሩ ላይ ተቀበላት። «አህላ፣ መጣሽ? ብራቮ» አለና ከበሩ ጀርባ መጥረጊያና ባልዲ አውጥቶ ሰጣት። «ከቢሮው ጀምሪ፣ ከዚያ ወለሉን።»

በክፋት አልነበረም፤ ፈገግ እያለ ነው። ቃሉን የጠበቀ መስሎታል፤ ሥራ አለ፣ ሥራ ሰጠ። እኔ ደሜ ፈላ። በማውቀው የወጥ ቤት አረብኛ ልክ ልኩን ልነግረው አፌን ስከፍት የሺ እግሬን ረገጠችኝ። መጥረጊያውን ተቀበለችው።  ከዚያ አዙራ እጁ ላይ መልሳ አስቀመጠችው፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አስጨበጠችው።

«አባስ፣ ያኒ፣ ለመጥረግ ከሆነ ሰኞ ጊዜ የለኝም፤ ሌላ ቤት እጠርጋለሁ» አለችው።  «ቀዳዳውን ካገኘሽ ነይ አልከኝ። አገኘሁት። መጣሁ። ውኃ የሚያፈሰው የትኛው መኪና ነው?»

አባስ እኔን አየኝ፤ እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። ከዚያ በመጥረጊያው እጀታ ጥግ ላይ ወደ ቆመች አንዲት ነጭ ታክሲ ጠቆመ። የሺ ካርቶን አንጥፋ ሥሯ ገባች። የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነበር። ወዲያው «ባትሪ!» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ፤ አባስም ሳያስበው ጎንበስ ብሎ አቀበላት።

የታክሲው ባለቤት በዚያው መጣ። አባስን መጥረጊያ ይዞ ሲያየው ገረመው። «አባስ፣ መኪናዬን ማነው የያዘው?»

አባስ መጥረጊያውን አየ፣ ከታክሲው ሥር የወጣውን ጫማ አየ።

«እሷን ጠይቃት» አለና ወለሉን ራሱ መጥረግ ጀመረ።